የትምህርት መተግበሪያና የልጆች ፕሮግራም ሥራ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አራት ኪሎ አካባቢ ባለችው ጠባብ ቢሯችን የልጆች የማንበቢያ መተግበሪያዎችን፣ የድምፅ ትምህርቶችንና አጫጭር አኒሜሽኖችን እናዘጋጃለን። ከአምስት ኪሎ የምህንድስና ተማሪዎች ይመጣሉ፤ ጠመኔ የሰለቻቸው መምህራን ይመጣሉ፤ «ሥዕል እንጀራ አይሆንም» የተባሉ ወጣቶችም ይመጣሉ። አንዳንዴ ወላጅ ልጁን አስከትሎ ደረጃውን ይወጣል። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ መልሶቹን እዚህ ሰብስበናቸዋል።

ሥራው በትክክል ምንድን ነው?

ሰው እንዲማርበት ታስቦ የሚሠራ ሶፍትዌር፣ የድምፅ ወይም የምስል ፕሮግራም፣ ጨዋታ ወይም ዲጂታል መጽሐፍ መወጠን፣ መጻፍ፣ መሣል፣ መገንባትና መፈተሽ ነው። ሙያው ለአገራችን አዲስ አይደለም። የትምህርት ሬዲዮ ከስማርት ስልክ በፊት አሥርተ ዓመታትን አስቆጥሯል፤ አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩት ያደገው ትውልድ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል። በ1996 ዓ.ም. የተጀመረውና ሁሉም ሰው «ፕላዝማ» የሚለው የሳተላይት ትምህርትም የዚሁ ሙያ ውጤት ነበር።

ፕላዝማን የማነሣው ለትዝታ አይደለም። ከአንድ ቦታ የሚሠራጭ፣ በእንግሊዝኛ የተቀረጸ ትምህርት በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በተመሳሳይ ሰዓት ይታይ ነበር። በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፤ ጥቂት ይጠብቃል፤ ተማሪው ጥያቄውን ገልብጦ ሳይጨርስ መልሱን ተናግሮ ያልፋል። ክፍል ውስጥ ያለው መምህር «ቆይ፣ አልገባቸውም» ቢልም የሚሰማው የለም። መሣሪያው ውድ ነበር፣ ምስሉም ጥሩ ነበር፤ የጎደለው የተማሪውን ፊት የሚያይ ሰው ነበር። ዛሬ ሰው ስንቀጥር በመጀመሪያ የምንፈልገው ያንኑ ፊት የማየት ልማድ ነው። ከዚህ በታች ያለው መልስ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚያው ይመጣል።

ኮምፒውተር ሳይንስ አልተማርኩም። ቦታ ይኖረኛል?

ይኖርዎታል፤ ምናልባትም ከፕሮግራመሩ የተሻለ። በአዲስ አበባ ፕሮግራም የሚጽፍ ወጣት አይታጣም። የሚታጣው ክፍልፋይ ለ4ኛ ክፍል ተማሪ ለምን እንደሚከብድ የሚያውቅና ያንን በሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች በአማርኛ ማስረዳት የሚችል ሰው ነው።

አንድ የሒሳብ መተግበሪያ ሲሠራ ልጁ በዚያ ዕድሜው ምን ማወቅ እንዳለበት የሚወስነው የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያው ነው። ያንን ወደ ተግባር የሚቀይረው፣ ማለትም ልጁ መጀመሪያ ምን እንደሚሰማ፣ ምን እንደሚነካ፣ ሲሳሳት ምን እንደሚባል የሚያስበው ደግሞ የትምህርት ንድፍ አውጪው ነው። ከዚያ ጸሐፊው፣ ሠዓሊው፣ ድምፅ ሰጪው፣ የድምፅ ባለሙያው፣ ፕሮግራመሩና ፈታሹ ይከተላሉ። በትንሽ ቡድን አንድ ሰው ሦስቱን ደርቦ ይሠራል።

«ሲሳሳት ምን ይባላል» የሚለው ቀላል ይመስላል። «ተሳስተሃል፤ እንደገና ሞክር» ብሎ መጻፍ ማንም አያቅተውም። ነገር ግን 7 ሲደመር 5 ስንት ነው ተብሎ 11 ያለ ልጅ ዝም ብሎ አልገመተም። ብዙ ጊዜ 7ን ራሷን ጨምሮ፣ «7፣ 8፣ 9፣ 10፣ 11» ብሎ አምስት ጣት ቆጥሯል ማለት ነው። ይህን አውቆ፣ ልጁ 11 ሲል የቁጥር መስመሩን አሳይቶ «7 አለህ፤ መቁጠሩን ከ8 ጀምር» የሚል ምላሽ የሚያዘጋጀው ክፍል ውስጥ ቆሞ ያስተማረ ሰው ነው። ይህ ምላሽ ያለው መተግበሪያና የሌለው መተግበሪያ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ልጁ ግን ልዩነቱን በአንድ ሳምንት ያውቀዋል።

መምህር ነኝ። ሥራዬን ልልቀቅ?

አይልቀቁ፤ ገና ነው። እኛ ዘንድ ለመጀመር የሚያስፈልግዎ ነገር፣ ማለትም የሚሞክሩበት ክፍል፣ አሁን በእጅዎ ነው። ከለቀቁ በኋላ ክፍል ውስጥ ለመግባት የትብብር ደብዳቤ ይዘው ክፍለ ከተማ ደጅ ሊጠኑ ነው።

መምህርነት ለዚህ ሙያ ጥሩ መነሻ መሆኑን ለሚጠራጠር አንድ በይፋ የታወቀ ምሳሌ አለ። ብሩክታዊት ጥጋቡ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። ከባለቤቷ ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን መሥርታ ፀሐይ በምትባል የቀጭኔ አሻንጉሊት የሚመራውን የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም ጀመረች፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ የሮሌክስ ሽልማት ተሰጣት። ቀጭኔዋ እንደ ልጅ ስለምትጠይቅ ልጆቹ የሚያዩት አስተማሪ ሳይሆን ጓደኛ ነበር።

ፕሮግራመር ነኝ። ምን ይጎድለኛል?

ከውጭ አገር ትምህርት የማያገኙት ብዙ ነገር አለ። በፊደሉ እንጀምር። ተማሪዋ «ፀሐይ» የሚለውን መልስ «ጸሀይ» ብላ ብትጽፍ መተግበሪያዎ ስሕተት ነው ይላታል? ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ከነርባታቸው መልስ በሚነጻጸርበት ጊዜ እንደ አንድ መቆጠር አለባቸው፤ የትምህርቱ ዓላማ ራሱ ሥርዓተ ጽሕፈት ካልሆነ በስተቀር። ከውጭ የመጣ የፈተና ሶፍትዌር ይህን አያውቅም፤ አንዲት ነጥብ ያጣች ተማሪ ግን «አማርኛ አልችልም» ብላ ልትደመድም ትችላለች።

የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደሚጋሩት የፊደላት መለያ ሥርዓት፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ ብዙ መጽሐፍ የተተየበው የየራሳቸው መለያ ባላቸው መተየቢያዎች፣ በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ነበር። አንድ አሳታሚ የቆየ ፋይል ሰጥቶዎት ሲከፍቱት የላቲን ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ቢያዩ ፋይሉ አልተበላሸም፤ መለወጫ ይፈልጋል። ከተለወጠም በኋላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያነበው ዐይን ያስፈልገዋል። ይህን ሥራ «የጸሐፊዋ ነው» ብሎ የናቀ ፕሮግራመር እኛ ዘንድ ብዙ አልቆየም።

ጥብቀትና ላልቶ መነበብ ሌላው ነው። ጽሑፋችን አያሳየውም፤ ስለዚህ ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚቀይር ፕሮግራም «ገና አልመጣም» እና «የገና በዓል» ላይ ያለውን «ገና» አንድ ዓይነት አድርጎ ሊያነበው ይችላል። ለጀማሪ አንባቢ ልጅ የምናሰማው ድምፅ ሁሉ እስካሁን በሰው የሚቀረጸው ለዚህ ነው።

ሰዓትንም አይርሱ። «በየቀኑ 2 ሰዓት ላይ አስታውሰኝ» ያለች ተማሪ ማታ ሁለት ሰዓት ማለቷ ነው፤ ስልኳ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ቢጮህ መተግበሪያው በማግስቱ ይጠፋል፤ የሚያጠፉት ደግሞ አባትየው ናቸው። የዕድገት ሰንጠረዡ ጳጉሜን ካላወቀም የዓመቱ መጨረሻ ላይ የተማሪው ነጥብ የሚገባበት ወር ያጣል።

በመጨረሻ፣ የሠሩትን በራስዎ ስልክ ላይ ብቻ አይሞክሩት። ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ማኅደሩ በፎቶ የሞላ፣ ለመላው ቤተሰብ አንድ ብቻ የሆነ ስልክ ይፈልጉና በዚያ ይክፈቱት። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ካቆመ አልተሠራም ማለት ነው።

ሠዓሊ ነኝ። አኒሜሽን እንጀራ ይሆናል?

ይሆናል፤ ትዕግሥት ካለ። በሴኮንድ 12 ሥዕል ቢታሰብ የአምስት ደቂቃ ፊልም 3,600 ሥዕል ነው። ማንም ያን ሁሉ በእጁ አይሥልም፤ የገጸ ባሕርዩን እጅ፣ እግርና አፍ ለየብቻ ሠርቶ በኮምፒውተር ማንቀሳቀስ የተለመደ ነው። ቢሆንም ስንት ድካም እንዳለው ቁጥሩ ይናገራል።

ከአኒሜሽን ይልቅ ቶሎ ሥራ የሚገኘው በመጽሐፍና በመተግበሪያ ሥዕል ነው። እዚህ ላይ የምንመልሰው ሥራ የሚበዛው በአንድ ምክንያት ነው፦ ሠዓሊው ከኢንተርኔት ያየውን ልጅ ሥሎ ያመጣል። ልጁ ጓንትና የሱፍ ኮፍያ አድርጎ ፖም ይቆጥራል። የእኛ ልጅ የሚቆጥረው ብርቱካን ነው፣ እንቁላል ነው፣ ብይ ነው። የትምህርት ቤቱ ሹራብ እጅጌ የተጎተተ፣ ቦርሳው ከታላቅ ወንድም የወረደ ይሁን። ይህን ለማየት አንድ ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ፣ ከየትኛውም በር ፊት ቆሞ መሣል ይበቃል።

ድምፅ መቅረጽስ?

በመሀል አዲስ አበባ ድምፅ መቅረጽ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ጠዋት የግንባታው ማሽን አለ፤ ጾም ከሆነ ቅዳሴው አለ፤ ከቀትር በኋላ አዛኑ አለ፤ ሁሉም ጋብ ሲል ደግሞ መብራት ይሄዳል። ብዙ ሰው በግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅሎ ማታ ይቀርጻል። ድምፅ ሰጪ ስንመርጥ የሬዲዮ ዜና አንባቢ ግርማ አንፈልግም። ለአንድ ልጅ ብቻ የሚያነብ የሚመስል ድምፅ እንፈልጋለን።

በየትኛው ቋንቋ ልሥራ?

በሚያልሙበት። ከአማርኛ ሌላ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሲዳምኛ ወይም ሌላ ቋንቋ ጠንቅቀው የሚያውቁ ከሆነ የሥራ ዕድልዎ ይሰፋል፤ በእነዚህ ቋንቋዎች የሚጽፍ ሰው በጣም ይፈለጋል። አንድ ማሳሰቢያ፦ አማርኛውን ብቻ አዘጋጅቶ ወደ ሌላው መተርጎም ለጀማሪ ንባብ አይሠራም። የትኛው ፊደል ቀድሞ እንደሚማር የሚወሰነው በየቋንቋው ቃላት ነው፤ አፋን ኦሮሞ ደግሞ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው።

የት ልማር?

ለሙያው ሁሉን ያሟላ አንድ ትምህርት ቤት አይጠብቁ፤ ከየቦታው ይለቅማሉ። ፕሮግራሙን ከአምስት ኪሎው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ሥዕሉን ከአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት፣ የማስተማር ዘዴውን ከስድስት ኪሎ ወይም ከኮተቤ። ገንዘብ ለሌለው በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም በነፃ የሚሰጥ ሲሆን የፕሮግራሚንግ መሠረት፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራና የዳታ ሳይንስ ትምህርቶች አሉት። የምስክር ወረቀቱ ብቻውን ሥራ አያስገኝም፤ የቤት ሥራዎቹን ወደ ራስዎ ምርት ከቀየሯቸው ግን ይጠቅማል።

አራት ኪሎ ላይ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ለእኛ ሙያ ሁለት ጥቅም አለው። ራስዎ ያነቡበታል፤ ከዚያ የልጆቹ ክፍል አጠገብ ሲያልፉ ልጅ መጽሐፍ እንዴት እንደሚመርጥ ያያሉ። ጀርባውን አያነብም። ሽፋኑን አይቶ፣ መሀሉን ገልጦ፣ ሥዕል ካላገኘ ወዲያው ይመልሰዋል።

ሥራው የት ይገኛል? ክፍያውስ?

መጠኑ ከቦታ ቦታ በጣም ስለሚለያይ ቁጥር አንሰጥም። አካሄዱን ግን እንናገራለን። የተሻለ የሚከፍሉት ብዙ ጊዜ በውጭ እርዳታ የሚካሄዱ የትምህርት ፕሮጀክቶች ናቸው፤ ችግራቸው ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሥራውም ማለቁ ነው። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካው ዩኤስኤይድ ሲዘጋ በእርሱ ገንዘብ የሚተዳደሩ ብዙ ባለሙያዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሥራ አጥ ሆነዋል። ከዚያ ወዲህ «ገንዘቡ ከየት ነው? እስከ መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር መሆኑ ቀርቷል። በቃለ መጠይቅ ላይ ይጠይቁ።

የግል ትምህርት ቤቶች፣ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች፣ አሳታሚዎች፣ ሠራተኞቻቸውን የሚያሠለጥኑ ባንኮችና ዩኒቨርሲቲዎች ሌሎቹ ቀጣሪዎች ናቸው። የባንክ ሠራተኛ የሚማርበትን አጭር ቪዲዮ መሥራት የልጆች ተረት ያህል ልብ አያሞቅም። ኪራይ ግን ይከፍላል፤ እኛም ተረቱን የምንሠራው በከፊል በዚያ ገንዘብ ነው። በግልዎ የሚሠሩ ከሆነ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ቀድመው ያውጡ፤ ያለዚያ ከክፍያዎ ላይ የሚቀነሰው ያስደነግጥዎታል።

ለማመልከት ምን ላሳይ?

ያለቀ አንድ ትንሽ ነገር። አሥር የተጀመሩ ሥራዎች አንድ ያለቀ ትንሽ ነገር አያህሉም። የሁለት ደቂቃ የድምፅ ትምህርት፣ ስምንት ገጽ መጽሐፍ፣ አንዲት ፊደል የምታስተምር ጨዋታ ትበቃለች። አብሮም አንድ ገጽ ይጻፉ፦ ማን ሞከረው፣ የት ላይ ግራ ተጋባ፣ ከዚያ ምን ቀየሩ?

እንዴት እንደሚሞከር ካላወቁ፣ ልጁን አስቀምጠው ስልኩን ይስጡትና አፍዎን ይዝጉ። ከባዱ ክፍል ይህ ነው። ባለፈው ያየናት የ2ኛ ክፍል ተማሪ «ዶሮዋ ስንት እንቁላል ጣለች?» የሚለውን ሰምታ «አራት!» ብላ ለስልኩ ጮኸችለት። መልሱ ልክ ነው፤ ስልኩ ግን ዝም አለ። ቀጥላ ዶሮዋን ነካቻት፤ ምክንያቱም በገጹ ላይ ካለው ሁሉ የምትነካ የምትመስለው ዶሮዋ ነበረች። የቁጥር ቁልፎቹን ጨርሶ አላየቻቸውም። አጠገቧ የነበረው ሠልጣኛችን «ታች ያለውን ንኪ» ሊላት ሲል ጉልበቱን ያዝነው። በማግስቱ እንቁላሎቹ ራሳቸው የሚነኩ ሆኑ፤ ሲነኩም አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ሐሳቡ የማንኛችንም አልነበረም።

የ12ኛ ክፍል መለማመጃ መተግበሪያ ሠርቼ መሸጥ እፈልጋለሁ። ያዋጣል?

ገበያው አለ፤ ተፎካካሪውም እንደዚያው። የ2014 ተፈታኞች ውጤት ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ 3.3 በመቶ ብቻ መሆኑ ከተሰማ ጀምሮ ወላጅ ለዝግጅት ገንዘብ ለማውጣት አያመነታም። ከ2016 ጀምሮ ፈተናው ለከፊሉ ተማሪ በኮምፒውተር መሰጠቱም በስክሪን መለማመድን አስፈላጊ አድርጎታል።

ነገር ግን የድሮ ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው ደርድሮ መሸጥ ከቴሌግራም ጋር መወዳደር ነው፤ ቴሌግራም ላይ ሁሉም በነፃ አለ። ሰው የሚከፍለው ለማብራሪያው ነው፦ ለምን «ሐ» ልክ ሆነ፣ «ለ»ን የመረጠው ተማሪስ ምን አምታቶት ነው? ጥያቄዎቹን ራስዎ ይጻፉ፤ የመማሪያ መጽሐፍ ገጾችንም ቀድተው አይሽጡ፤ ባለቤት አላቸው። በጎግል ፕሌይ መተግበሪያ ለማውጣት የመመዝገቢያው 25 ዶላር የሚከፈለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከተማሪው ለመቀበል ቴሌብር ይቀላል። ደንበኛዎ የባንክ ካርድ የለውም፤ የእናቱ ስልክ ላይ ግን ቴሌብር አለ።

የሠራሁት ሥራ የማን ነው?

ውልዎን ያንብቡ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ተቀጥረው ወይም ታዝዘው የሠሩት ሥራ የኢኮኖሚ መብት፣ በውል ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ የአሠሪው ነው። ስምዎ በሥራው ላይ እንዲጠቀስ የመጠየቅ መብት ግን ከእርስዎ ጋር ይቆያል። ገጸ ባሕርይ ፈጥረው በአንድ ጊዜ ክፍያ ከሰጡ በኋላ አሻንጉሊቱ፣ ቦርሳውና ደብተሩ ሲሸጥ እያዩ መብከንከን አይጠቅምም። ከመፈረምዎ በፊት አንድ መስመር ያስጨምሩ።

ከልጆች መረጃ መሰብሰብ ይቻላል?

በወላጅ ወይም በአሳዳጊ ፈቃድ፣ ለሥራው የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ያንብቡት። የማባዛት ሠንጠረዥ ለማስተማር የልጁ ፎቶና የቤት አድራሻ ለምን ያስፈልጋል?

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራውን አይወስደውም?

ከፊሉን እየወሰደ ነው። የጥያቄ ረቂቅ፣ የመነሻ ሥዕል፣ አሰልቺ የፕሮግራም ክፍሎች በእርሱ ይፈጥናሉ፤ እኛም እንጠቀምበታለን። አማርኛው ግን ገና ከሌላ ቋንቋ የተገለበጠ ይሸታል፤ ለ1ኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ ያልተማራቸውን ፊደሎች ያለ ሐሳብ ይደረድርለታል። ዶሮዋን የነካችውን ልጅም አጠገቧ ተቀምጦ አላያትም። ስለዚህ ረቂቅ ብቻ መጻፍ የሚችል ሰው ቢሰጋ አይፈረድበትም፤ ማረም የሚችል ሰው ግን ሥራው በዝቶበታል።

ወላጅ ነኝ። ልጄ ሌላ ትምህርት ትቶ «ይህን እሠራለሁ» አለኝ። ምን ይሻላል?

ያስጨርሱት። ዲግሪው ምንም ይሁን ምን ለዚህ ሙያ ግብዓት ነው፤ ጤና የተማረ የጤና ትምህርት ይሠራል፣ ግብርና የተማረ ለገበሬው። እስከዚያው ቅዳሜና እሑድ ይሞክር።

መጥቼ ሥራችሁን ማየት እችላለሁ?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በራችን ክፍት ነው። የሠሩትን ነገር በስልክዎ ይዘው ይምጡ፤ ኢንተርኔት ላይ ሳይሆን ስልኩ ላይ ይሁን፤ ኔትወርካችን ቅዳሜ ቅዳሜ አይታመንም። የሚቻል ከሆነ ታናሽ እህት ወይም ወንድም ያስከትሉ። ሥራዎን የምናየው እነርሱ ሲሞክሩት ነው።